የወለላ የመጀመሪያ ቃል

ትናንት በእንቅልፌ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንዲት ቃል ከጨመርኩ ጋሪዬ ከነፈረሴ ይገልበጥ።

መጀመሪያ ግን ይቺን ልበል። ወለላ የምትባል ልጅ አለችኝ። ሦስት ዓመት ሞላት፤ አፏን ግን አልፈታችም ነበር። ጤና ጣቢያ ወሰድናት፤ ጆሮዋ ደህና ነው አሉን። ጠበል ወሰድናት፤ ታገሡ አሉን። እናቷ አስካለ አፍ አፏን ስታይ ትውል ነበር። እኔ ደግሞ ዓምና ለቀልድ ያህል «ወለላ ተናገረች» ብዬ አስካለን ከቦኖ ውሃ እስከ ቤት አስሮጥኳት። ጀሪካኗንም ነጠላዋንም መንገድ ላይ ጥላ ደረሰች። ሳምንት ሙሉ አላናገረችኝም።

በሕልሜ ገበያ መሃል ቆሜያለሁ። ሕፃናት እናቶቻቸውን አዝለው ይሸምታሉ። በጎች ነጋዴዎቻቸውን በገመድ እየጎተቱ ለሽያጭ ያቀርባሉ። ድምፅ ግን የለም። ሁሉም ወረቀት ይዞ እየጻፈ ይከራከራል። ለካ በዚያ አገር ጽሕፈት ቀድሞ ተፈጥሮ፣ ንግግር ገና አልተጀመረም።

ዋርካው ሥር ስደርስ ፊደሎች ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሰው ይቆጥራሉ። እኛ በልጅነታችን በስንደዶ እየነካን ፊደል እንደቆጠርነው ማለት ነው። ሀ ሁለት እጆቹን ወደ ላይ እንደዘረጋ፣ ስንደዶውን በጥርሱ ነክሶ የያንዳንዳችንን ደረት ይወጋል። እኔ ጋ ሲደርስ ቆመ። የየኔታን ቆብ ፍየል ላይ አስሬ ከፊደል ቤት የተባረርኩ ሰው ነኝና ፈራሁ። መ በክብ በክብ መነጽሩ አየኝና ወረቀት ሰጠኝ። «ገ ላይ ጥለኸን የሄድከው አንተ ነህ? ድምፅ የሚታደለው ማዘጋጃ ቤት ነው። ፍጠን፣ ከብቶቹ ቀድመውሃል» ይላል ወረቀቱ።

ማዘጋጃ ቤት ሠራተኞቹ ደጅ ላይ ተሰልፈው ባለጉዳይ ይጠብቃሉ። ሥራ አስኪያጁ ጎንበስ ብሎ አስገባኝ። ጠረጴዛው ጋ ማን ብትቀመጥ ጥሩ ነው? ወለላ። እግሯ መሬት አይደርስም፤ ማኅተም ይዛለች። በዓለም ላይ የምትናገረው እሷ ብቻ ናት።

ለበግ «በ»ን ሰጠችው፤ እየጮኸ ወጣ። ንብ «ዘ»ን ተቀብላ ፈረመች።

«ቀጣይ» አለች። «ማን ነህ?»

አፌን ከፈትኩ፤ ባዶ ነው። አባትሽ ነኝ ለማለት ደረቴን ደበደብኩ።

«አንተማ ድርሻህን ጨርሰሃል» አለችኝ። «ሦስት ዓመት ሙሉ ስታወራ እኔ ተራ እየጠበቅኩ ነበር። መች ዝም ብለህ ታውቃለህ?»

በሕልም አፍሬ አላውቅም፤ አፈርኩ። ወረቀት ስቤ በተንጋደደ ጽሕፈቴ «ዝም እላለሁ። ብቻ አንድ ጊዜ አባባ በይኝ» ብዬ ጻፍኩ። አነበበችው፣ ማኅተም መታችበት፣ ጉሮሮዋን ጠረገች። ከተማው በሙሉ በመስኮት አንገቱን አስገባ። ወለላ አፏን ስትከፍት ነቃሁ።

ነግቷል። ወለላ ደረቴ ላይ ተቀምጣ ታየኛለች። እናቷ ቦኖ ሄዳለች። ሕልሜን ነገርኳት። ትንሽ አሳመርኩት፤ በጎቹን አንድ ሺህ አደረግኳቸው፣ ማዘጋጃ ቤቱን ሰባት ፎቅ። ከዚያ በጽሑፍ የገባሁት ቃል ትዝ አለኝና ዝም አልኩ።

ወለላ ጠበቀች። እንዳልጀምር ይመስላል፣ ከንፈሬን በጣቶቿ ያዘችው።

«ውሸታም» አለች። ጥርት አድርጋ።

በባዶ እግሬ ቦኖ ድረስ በረርኩ። አስካለ ተራዋ ደርሶ ጀሪካኗን ትሞላለች።

«አስካልዬ፣ ወለላ ተናገረች።»

ቀና አላለችም። «ደግሞ ዛሬ ምን አለች?»

«ውሸታም አለችኝ።»

ሰልፉ ላይ ያሉት ሴቶች ሳቁ። አስካለ የጀሪካኗን ክዳን አጠበቀች፣ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«ውሸታም» አለችኝ፤ ልክ በወለላ ቃና።