የማሙሸት ክንድና የሦስቱ ፊደላት ዘመቻ

በዘመነ ማቴዎስ ወንጌላዊ፣ በሁለት ሺህ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ የሚሌኒየሙ ባንዲራ ፀሐይ አንጥቶት ገና ከየምሰሶው ሳይወርድ፣ መብራት በፈረቃ መጥቶ በፈረቃ በሚሄድበት በዚያ ወራት፣ ሥዩመ ጭድ ተራ ወአድያሚሃ፣ ርእሰ ጆንያ፣ መዋዔ መርፌ የተባሉት ማሙሸት የአጎታቸውን ሱቅ ወርሰው በባዶ ጆንያ ንግድ ላይ በነገሡ በአራተኛው ዓመት የሠሩትን ገድል እነሆ እጽፋለሁ። የምጽፈው እኔ ወልደ ሚካኤል ነኝ፤ ሥራዬ በእህል በረንዳ በየጆንያው ላይ የባለቤቱን ስም በቀለም መጻፍ ነው፤ ዳዊት ደግሜ ቅኔ ቤት ልገባ ስል ችጋር መርካቶ ያወረደኝ ሰው ነኝ። የጥንት ነገሥታት ጸሐፌ ትእዛዝ ነበራቸው፤ ለማሙሸት የደረሳቸው ጸሐፌ ጆንያ ነው፤ እሱም ይበዛባቸዋል። የሠላሳ ዓመት ጎረምሳ አንቱ ማለቴም አይግረማችሁ፤ የዜና መዋዕል ወግ ሆኖብኝ ነው እንጂ ወድጄ አይደለም።

የዘመቻው ምክንያት በለጥሻቸው ናት። በለጥሻቸው የጋሼ ሀብተ ወልድ ልጅ ናት፤ ጋሼ ሀብተ ወልድ ደግሞ የእህል በረንዳ የጤፍ ነጋዴና የእድራችን ዳኛ ናቸው። እሷ በአባቷ መጋዘን ሚዛን ላይ ቆማ ትውላለች፤ ሚዛኗን ተከራክሮ የረታት ተሸካሚም ነጋዴም እስከ ዛሬ አልተወለደም። ማሙሸት ሊያገቧት ቆርጠው፣ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ሽማግሌ ሊልኩ ተሰናድተዋል፤ እሷ ግን እሺም እምቢም አላለችም፤ «እናያለን» ብላ ነው የተወችው። ይህ «እናያለን» የሚሉት ቃል እንቅልፍ ቢነሣቸው፣ ማሙሸት በጆንያ ክምር ላይ ወጥተው፣ ደረታቸውን ነፍተው፣ እንዲህ ሲሉ ዐዋጅ አስነገሩ፦

«የጭድ ተራ ሰው ስማ! የእህል በረንዳ ሰው ስማ! በለጥሻቸው የሚለውን ስም ከነሙሉ ፊደሉ በቀኝ ክንዴ ላይ እነቀሳለሁ፤ ሽማግሌ በምልክበትም ቀን እጅጌዬን ሰብስቤ ለአባቷ አሳያለሁ። በኋላ አልሰማሁም የሚል እንዳይኖር።»

ዐዋጁ እህል በረንዳ ሲደርስ፣ በለጥሻቸው ከሚዛኗ ቀና ሳትል፣ እኔ ተነቀስልኝ አላልኩትም፣ ካለ ግን ያድርገው፣ በሰው ፊት የተናገረውን የማይፈጽም ወንድ ደጄን እንዳይረግጥ ብላ መለሰች። እንግዲህ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ስሙ ሙሉ ከተጻፈ ሚስት አለ፣ ካልተጻፈ የለም።

ወእምዝ፣ ሐሙስ ቀን ከምሳ በኋላ፣ ማሙሸት ሠራዊታቸውን አስከትለው ወደ መሳለሚያ ዘመቱ። በቀኝ ክንፍ ተሸካሚው ዘውገ ማጅራቱ ላይ ማዳበሪያ አጣጥፎ ጥሎ፣ በግራ ክንፍ ጋሪ ገፊዎች ባዶ ጋሪያቸውን እያንጓጉ፣ በደጀንነት ሊስትሮዎች ከነሣጥናቸው፣ አንድ ሎተሪ አዟሪ፣ አንድ የሸንኮራ ነጋዴ፣ እንዲሁም የስኳር ሰልፍ መስሏቸው ከኋላ የተሰለፉ ሴቶች ነበሩ። ሴቶቹ መሳለሚያ ደርሰው ነገሩን ሲረዱ፣ የዘመተውንም የተከተለውንም ተሳድበው ተመለሱ። ከሠራዊቱ ሁሉ አእምሮ የነበራቸው እነሱ ብቻ ናቸው።

ኪያ የመሳለሚያ ነቃሽ ነው፤ ወጣቶቹ ታቱ ሠሪ ይሉታል። በአንድ ፀጉር ቤት ውስጥ፣ ከወደ ጓሮው፣ በመጋረጃ በተከለለች ጥግ ይሠራል፤ መሣሪያውንም ከቴፕ ሞተር፣ ከእስክሪብቶ ቀፎና ከመርፌ ራሱ ገጣጥሞታል። መጀመሪያ ስሙን በሰማያዊ እስክሪብቶ በማሙሸት ክንድ ላይ ነደፈው፤ በ፣ ለ፣ ጥ፣ ሻ፣ ቸ፣ ው። ማሙሸትም ወደ ክንዳቸው በንቀት ተመልክተው፣ ይቺ ናት እንዴ አሉ።

ሞተሩ ጮኸ፣ ጦርነቱም ተጀመረ። «በ» ላይ ማሙሸት ጥርሳቸውን ነክሰው ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። «ለ» ላይ የሚያውቁትን ታቦት ሁሉ ጠርተው ሲያልቅባቸው፣ በየትኛውም ስንክሳር የማይገኝ ቅዱስ ከራሳቸው ፈጥረው ጨመሩ። ሦስተኛው ፊደል ላይ ላብ አጠመቃቸው፤ ኪያንም በእናቱ፣ ከዚያ በአባቱ፣ ከዚያ በማሽኑ ለመኑት። ኪያ የፊደሉን ገላ አስቀድሞ ቅጥያውን አስከትሎ የሚሠራ ሰው ነውና፣ የ«ጠ»ን ገላ ጨርሶ፣ «ጠ»ን «ጥ» የምታደርገዋን ትንሽ ጭረት ሊጨምር መርፌውን ቀና ሲያደርግ፣ ኃያሉ ማሙሸት ከወንበራቸው ተፈናጥረው፣ መጋረጃውን በራሳቸው ላይ እንደ ተከናነቡ፣ ፀጉር ቤቱን በመሐል ሰንጥቀው፣ ረዳቱ ኮልፌ ኮልፌ የሚልበት ሚኒባስ ውስጥ ገቡ። ቤታቸው በዚያ በኩል አይደለም። ሠራዊቱም ደጃፉ ላይ ሸንኮራ እየመጠጠ ቀረ።

በማግሥቱ ይህ ዐዋጅ ወጣ፦ «ስሙ ሳያልቅ የቀረው በእኔ ጥፋት አይደለም፤ መብራት ስለ ሄደ ነው። ፈረቃው ሲመለስ እንጨርሰዋለን።» ዓይን ያወጣ ውሸት ነው። በዚያች ሰዓት እዚያው ፀጉር ቤት ውስጥ የሰው ራስ በኤሌክትሪክ መላጫ ሲላጭ ነበር፤ ተላጪውም መጋረጃ ለብሶ የሚሮጥ ሰው አይቼ ደነገጥኩ እያለ ለሰፈሩ አውርቷል። ፈረቃው መጣ፣ ሄደ፣ ደግሞ መጣ፤ ማሙሸት ነገ አሉ፣ ከነገ ወዲያ አሉ፣ ክንዴ ይረፍ አሉ። በዚህ መሐል የእስክሪብቶው ንድፍ በሳሙና ታጠበ፣ ቅርፊቱ ረገፈ፣ በክንዳቸው ላይ ጥርት ብሎ የቀረውም በለጠ የሚል የወንድ ስም ሆነ። በሎሚ አሹት፣ በጨው ፈተጉት፣ በእግር መፋቂያ ድንጋይ ሞከሩት፤ ቆዳው ተላጠ እንጂ በለጠ አልተነቃነቀም። ሙያዬ ነውና እኔን ጠይቁኝ፤ ጆንያ ላይ ስም ቢሳሳት ጆንያው ተገልብጦ ይሰፋል፤ ቆዳ አይገለበጥም። ሰው በገላው ላይ ከማስጻፉ በፊት ይህን ማሰብ አለበት፤ አንዴ ከተቀመጠ ደግሞ እስኪያልቅ መቀመጥ አለበት። ማሙሸት ሁለቱንም ሳያደርጉ ቀርተው፣ በዚያ ሙቀት ረጅም እጅጌ ለብሰው መዋል ጀመሩ።

ሆኖም ጆንያ የሚያነሣ ሰው እጅጌውን ሳይሰበስብ አይውልም። አንድ ቀን ረስተው ሰበሰቡ፣ ዘውገም አየ። ዘውገ ፊደል የቆጠረው በሚሸከመው ጆንያ ላይ ነው፤ በእኛ ሰፈር ደግሞ ስም የተጻፈበት ዕቃ ሁሉ የባለ ስሙ ንብረት ነው። ፊደሉን አንድ በአንድ ለቅሞ ካነበበ በኋላ፣ ጭድ ተራን የሚያናውጥ ዐዋጅ ለቀቀ፦ «ይህ ጭነት የበለጠ ነው! በለጠ የሚባል ባለ ንብረት ካለ መጥቶ ያንሣልን፤ መንገድ ዘግቷል።» ተሸካሚው ሁሉ ሸክሙን እያወረደ ሳቀ። አንዳንዱማ ወደ እኔ መጥቶ፣ አንተ ነህ ወይ የጻፍክበት አለኝ፤ በዕድሜዬ እንዲህ ተሰድቤ አላውቅም። ሳቁ እህል በረንዳ ሲደርስ፣ በለጥሻቸው፣ ለመሆኑ በለጠ ማነው ብላ ሰው ላከች።

እዚህ ላይ ማንኛውም ሰው፣ አመመኝና ሮጥኩ ብሎ፣ አብሮ ስቆ ማለፍ ይችል ነበር። ማሙሸት ግን ፊታቸውን አጨፍግገው ይህን ዐዋጅ አወጡ፦

«በለጠ ታናሽ ወንድሜ ነበር። አገር ቤት ሞቶ መርዶውን በስልክ ሰማሁ። ሰው እንዳላስቸግር ብዬ፣ ሐዘኔን በክንዴ ላይ ጽፌ ዝም አልኩ።»

መርካቶ ሲስቅ ይጨክናል፤ ሞት ሲሰማ ግን ሆዱ ይባባል፤ የመሳለሚያውን ሩጫ ያየው እንኳ በሟች ስም መጠራጠርን ነውር ብሎ ተወው። እድሩ ወዲያው ድንኳን ጣለ፣ አግዳሚ ወንበር ተደረደረ፣ ጋሼ ሀብተ ወልድ ለንፍሮ የሚሆን ስንዴና ሽምብራ ከመጋዘናቸው አወጡ። ዘውገ በማሙሸት እግር ላይ ወድቆ ስለ ቀልዱ ይቅርታ ለመነ፣ ማሙሸትም ዓይናቸውን ጨፍነው በታላቅ ትሕትና ይቅር አሉት። በለጥሻቸው ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጣች፤ በመሳቋ አፍራ፣ ስለማታውቀው ስለ በለጠ የምር አለቀሰች። ለአባቷም፣ ሐዘኑ ሲያልፍ የማሙሸት ሽማግሌ ከመጣ እሺ በሉልኝ አለቻቸው። እነሆ ድሉ ሊፈጸም፣ ሚስቲቱም በሦስት ፊደል ልትገኝ ሆነ።

በዚያው ሳምንት ከምንጃር ጤፍ ያመጣ አንድ የአይሱዙ ሹፌር ድንኳኑን አይቶ ተመልሶ ነበር። አገር ቤት ሲደርስ ለማሙሸት እናት፣ ለእትዬ ወርቅዬ፣ ልጅዎ ቤት ልቅሶ አለ አላቸው፤ ማን ሞተ ቢሉት አላውቅም አለ። አንድ ልጅ ብቻ ያላት እናት ይህን ስትሰማ ማን ሞተ ብላ ታስባለች? ጥቁር ለበሱ፤ በዚያው መኪና ጋቢና ተሳፍረው፣ መንገዱን ሁሉ ደረታቸውን እየደቁ፣ ልጃቸውን ሊቀብሩ መርካቶ ገቡ። ድንኳኑ ውስጥ ሲዘልቁ፣ የሞተው ልጃቸው ፍራሽ ላይ ተቀምጦ አገኙት። ፊቱን በሁለት እጃቸው ዳሰሱት፣ ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጡ። ሰው ውኃ ሰጥቶ ካረጋጋቸው በኋላ፣ የልጅዎን የበለጠን ነፍስ ይማር እያለ ሊያጽናናቸው ጀመረ። እትዬ ወርቅዬ የሚያጽናናቸውን ሰው ፊት በየተራ ተመለከቱ፣ ቀጥለውም ተነሥተው፣ በዚህ ዜና መዋዕል ውስጥ ብቸኛውን እውነተኛ ዐዋጅ ተናገሩ፦

«እኔ የወለድኩት አንድ ነው፤ እሱም ይኸው ቁጭ ብሎ ንፍሮ ይበላል።»

ከዚህ መስመር በታች ማሙሸትን አንቱ አልልም። የዜና መዋዕል ወግ ይቅርብኝ፤ እናቱን ከምንጃር እስከ መርካቶ በሕይወት ሳለ ለራሱ ሞት ያስለቀሰ ሰው በእኔ ብዕር አንቱ አይባልም። ልቅሶ ሊደርስ መጥቶ ጥግ ላይ ተቀምጦ የነበረው ኪያ ተነሥቶ፣ የሦስቱን ፊደልና የመጋረጃውን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አወጋ። የእትዬ ወርቅዬ አንገት ዙሪያውን የተነቀሰ ነው፤ በልጅነታቸው፣ ፈቃዳቸውን ማንም ሳይጠይቅ፣ በእሾህና በጥላሸት የተወቀሩት ነው። የልጃቸውን ክንድ ገልጠው አይተው፣ ለዚህች ጭረት ነው ወይ የገደልከኝ አሉት። ድንኳኑ በዚያው ሰዓት ፈረሰ፣ ሰውም እርስ በርሱ ለመተያየት እያፈረ ተበተነ።

በለጥሻቸው ማሙሸትን ቀና ብላም አላየችው። እትዬ ወርቅዬን ደግፋ ወደ ቤቷ ወሰደች፣ እግራቸውን አጥባ፣ አብልታ አሳደረቻቸው። በማግሥቱ መኪና ላይ ከሸኘቻቸው በኋላ፣ ያለ ክንፍና ያለ ደጀን፣ ብቻዋን ወደ መሳለሚያ ሄዳ ከኪያ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ኪያ እንደ ነገረኝ፣ ሲነቅሳት ሳለ ከፀጉር ቤቱ ሰው ጋር ስለ ጤፍ ዋጋ ስትከራከር ነበር፤ ክርክሩንም ረታች።

ማሙሸት ግን ኀፍረት የሚሉት ነገር አልፈጠረበትም። ሐዘኑ ውሸት ቢሆንም ፍቅሬ እውነት ነው ብሎ፣ ይህም ሳያንሰው፣ ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ ነጭ ለብሰው ጋሼ ሀብተ ወልድ በር ላይ ቆሙ፤ ጋሼ ሀብተ ወልድም ነገሩን ለልጃቸው ትተው ወደ ጓዳ ገቡ። በለጥሻቸው ወጥታ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰበሰበች። በ፣ ለ፣ ጥ፣ ሻ፣ ቸ፣ ው፤ አንድም ጭረት አልጎደለም። ሽማግሌዎቹም መነጽራቸውን እያስተካከሉ ሲያነቡ እንዲህ አለቻቸው፦

«ስሜን ሰው ክንድ ላይ አላስቀምጥም፤ ይኸው እኔው ይዤዋለሁ።»

ሽማግሌዎቹ ሳይቀመጡ ተመለሱ። ማሙሸትም ዛሬ በጭድ ተራ አለ። ነገሥታት ዙፋን ሲወጡ ስመ መንግሥት እንደሚወጣላቸው፣ ለእሱም ወጥቶለታል፤ ትልቁም ትንሹም በለጠ ነው የሚለው፣ ጆንያ ሊገዛ የሚመጣው የክፍለ ሀገር ነጋዴ ሳይቀር የበለጠ ሱቅ የት ነው ብሎ ይጠይቃል። ከማን እንደ በለጠ የሚያውቅ የለም። ሲጠሩት አቤት ይላል፤ ምን ያድርግ።

ከእሱ የነጠቅኩት አንቱታ ግን እጄ ላይ ተርፎ ነበርና፣ የሚገባቸውን ሰው ፈልጌ ሰጥቻለሁ። ምስጋና ይገባቸዋል ለእመቤተ ሚዛን፣ ለመዋዒተ መርፌ፣ የጀመሩትን ፊደል ለጨረሱት፣ የሰው እናት እግር አጥበው ላሳደሩት፤ ክንዳቸው ይጽና፣ ሚዛናቸው አይዛባ፣ ደጃቸውን ሐሰተኛ አይርገጠው። በክንዳቸው ላይ ያለው ስም እንደ ተጻፈ ይኑር፤ እኔ ግን አንዴ አንቱ ካልኳቸው ወዲያ ሰዋስው ያስገድደኛልና፣ በማለዳ በመጋዘናቸው ደጅ ሳልፍ ባርኔጣዬን አንሥቼ፣ እንደምን አደሩ፣ እትዬ በለጧቸው እላለሁ።