የባላምባራስ ውሃ

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እየተባልን ነው ያደግነው። ጥሩ ተረት ነው፤ ዕድር ሲመሠረትም፣ ደቦ ሲጠራም፣ ሰርግ ሲደገስም ይሠራል። እኔን የሚገርመኝ፣ አባቶቻችን ሎሚው ሃምሳ የሆነ ለታ የምንሆነውን ብቻ ነግረውን፣ አንድ የሆነ ለታ የምንሆነውን ሳይነግሩን መሞታቸው ነው። አንድ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ምኑ ነው? አይቻለሁና ልንገራችሁ። ጭማቂው ያልቃል፣ ከዚያ በልጣጩ ይማማሉበታል።

ቡሬ ላይ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሳምንቱን ሙሉ የሰው ወገብ ስለካ እከርምና እሑድ ከቅዳሴ መልስ ወደ ሐይቁ እወጣ ነበር። ሐይቁን ካርታ ላይ አትፈልጉት። ወደ ፍኖተ ሰላም የሚወስደውን አስፋልት ለቃችሁ ወደ ተራራው ስትታጠፉ፣ ባጃጅ «አልወጣም» ብላ የምታቃስትበት ዳገት አለ። ዳገቱን በእግራችሁ ጨርሳችሁ ላባችሁን ስትጠርጉ ከታች ተኝቶ ታገኙት ነበር። «ነበር» ማለቴን ልብ በሉልኝ። ትልቅ አይደለም፤ በዚህ ዳር የተሳደበ ሰው በዚያ ዳር ይሰማል። ዙሪያውን ደንገል፣ በደንገሉ መሐል የሚዋኝ ይብራ፣ ከደንገሉ ወዲያ ለምለም ሣር፣ ከሣሩ በላይ የእትዬ ታንጉት ምግብ ቤት።

እትዬ ታንጉት ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ በዚያች በጭቃ በተለሰነች ቤት ዓሣ እየጠበሱ የሚኖሩ ሴት ናቸው። ቆሮሶ የሚሉት ዓሣ ከሐይቁ ወጥቶ ድስት እስኪገባ አንድ ብርጭቆ ጠላ አያስጨርስም። ጾም ሲገባ «ዓሣ ይበላል፣ አይበላም» የሚለው ክርክር እዚያው ገበታው ላይ፣ ዓሣው እየተበላ ይካሄዳል። የሐይቁ ዳር ደብር የቅኔ መምህር መሪጌታ ምናለ ፍርድ ሲጠየቁ «እኔም አልበላው፣ እሱም አልበላኝ፤ በምን እንካሰሳለን?» ብለው ያልፉ ነበር።

ሰው ዳገቱን የሚወጣው ግን ለዓሣው ብቻ አልነበረም። ባላምባራስን ለማየት ነበር። ባላምባራስ ጉማሬ ነው። በሐይቁ የቀረ አንድ ጉማሬ፤ ሌሎቹ መቼና እንዴት እንዳለቁ ሽማግሌዎቹም አይስማሙም። ስሙን ያገኘው ሆዱ ትልቅ ስለሆነና ለማንም ስለማይነሣ ነው። ከሰዓት በኋላ ከውሃው ጆሮውንና ዓይኑን ብቻ ያወጣና እኛ ስንበላ ያየናል። እኛ እሱን ልናይ ሄደን እሱ እኛን አይቶ ይመለሳል። እትዬ ታንጉት ሳህን ሊያጥቡ ወደ ዳር ሲወርዱ «እንዴት ዋልክ፣ ጌታው?» ይሉታል። አንድ ጊዜ እንኳ ሰው አልነካም።

የእትዬ ታንጉት ታናሽ ወንድም ልየው ይባላል። እጁ ሥራ የማይፈታ፣ ሳቂታ ገበሬ ነው። ሐይቁ ላይ የመጀመሪያውን የውሃ መሳቢያ ሞተር የተከለው እሱ ነው። ያን ጊዜ ሁላችንም አጨበጨብን። ድሮ በጋውን ሰማይ እያየ የሚውል ሰው፣ በበጋ ሽንኩርት ሲያወጣ ማየት ደስ ይላል። ልጆቹ ፍኖተ ሰላም ቤት ተከራይተው ትምህርት ገቡ። ጎረቤቱ አየና ሞተር ገዛ። የጎረቤቱም ጎረቤት ገዛ። ሣሩ ታረሰ፣ ደንገሉ ታጨደ፣ በላይ በኩል ያለው ዳገት ባሕር ዛፍ ለበሰ። ባሕር ዛፍ የተባለው ለምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው፤ ባሕር ጠጥቶ የሚያድግ ዛፍ ነው ለካ።

ሐይቁ በየዓመቱ ከዳሩ እየተሰበሰበ መጣ። እትዬ ታንጉት ሳህን ለማጠብ የሚወርዱት መንገድ ረዘመ። ባላምባራስም ሣሩ ሲታረስበት ምን ያድርግ፣ የታረሰውን በላ። አንድ ጠዋት የልየው ማሳ መንደሩ ሁሉ የጨፈረበት መስሎ አደረ።

«እታለም፣ ይኼን ጉድሽን በጦር ነው የማወጣልሽ!» አለ ልየው፣ እህቱ ደጅ ቆሞ።

«የኔ ጉድ ነው? እሱ እዚህ ሲኖር አንተ ተወልደህ ነበር?»

«ልጆቼን የሚያስተምራቸው ሽንኩርቱ ነው። ጉማሬ አያስተምራቸውም።»

«እኔንስ ማን አበላኝ? አንተንስ ማን አሳደገህ? ይኼው ውሃ አይደለም?»

ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። ከባዱም ነገር ይኼ ነው፤ አንዱ ሐሰተኛ ቢሆን እኮ ይቅርታ ጠይቆም ቢሆን ይታረቁ ነበር።

በጋው ሲጠና ነገሩ ለሽማግሌ ደረሰ። መሪጌታ ከደብሩ ዋርካ ሥር መንደሩን ሰበሰቡ። እኔም እሑድ ስለነበር ደርሻለሁ። ብዙ ተባለ። በመጨረሻ መሪጌታ ተነሥተው፣ «ውሃው እንስሳውን ከክረምት ያደርሰዋል፣ እኛ ከተውነው። ሞተሩ ዝናብ እስኪጥል ይቁም። ሽንኩርታችሁን በባልዲ አጠጡ፣ ጥቂቱ ይደርቃል፣ ጥቂቱ ይተርፋል» አሉ። ሁሉም ማለ። ልየው ከሁሉ ቀድሞ ማለ፤ የማለውም ከልቡ ነበር። እህቱ እጁን ይዘው ሳሙት። ያን ቀን የበላሁትን ዓሣ ጣዕም እስከ ዛሬ አልረሳውም።

በሚቀጥለው እሑድ ዳገቱን ስወጣ ከባሕር ዛፉ ጀርባ «ዱግ ዱግ ዱግ» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

«እትዬ ታንጉት፣ ይኼ ምንድን ነው?»

ሽንኩርት እየከተፉ ነበር፤ ቀና አላሉም። «ወፍጮ ነው» አሉ።

እናንተ አገሩን አታውቁትም፤ እኔ ግን አውቀዋለሁ። በዚያ ተራራ ላይ ወፍጮ ቤት የለም። እህል የሚፈጨው ታች አስፋልቱ ዳር ነው። ደግሜ አልጠየቅኩም። ከጎኔ የተቀመጠ ገበሬ፣ «አዎ፣ ወፍጮ ነው» አለ። ሌላውም ራሱን ነቀነቀ። በሚቀጥለው እሑድ ወፍጮው ሁለት ሆነ፤ ከዚያ ዙሪያውን ሁሉ ይፈጭ ጀመር። እያንዳንዱ የሌላውን ድምፅ ሲሰማ፣ «እሱ ሊጨርሰው እኔ ለምን ልቅር?» እያለ ያስነሣል። የመጀመሪያው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አይታወቅም። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ የመጀመሪያው ራሱ ሌላ ሰው የቀደመው መስሎት ነው ያስነሣው።

ባላምባራስ አሁን ጆሮና ዓይኑን ብቻ ማውጣት አይችልም ነበር። ጀርባው ወጣ፤ ከዚያ ጎኑ። ፀሐይ ቆዳውን ሰነጠቀችው። ልጆች ድንጋይ ይወረውሩበት ጀመር፤ ድሮ የሚፈሩት ነገር ጭቃ ይዞት ሲያዩት ደፈሩ። እትዬ ታንጉት ከሩቅ እየተቆጡ ያባርሯቸዋል። «እንዴት ዋልክ» ማለቱን ግን ተዉት። ምን ብሎ ይመልስላቸው?

ባላምባራስ የሞተው፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። መሐል ላይ ከቀረችው ኩሬ ሊደርስ ሲታገል ጭቃው እስከ ሆዱ ዋጠው። ጠዋት ወሬው ቡሬ ደርሶ ሱቄን ዘግቼ ስወጣ፣ ልየው ጭቃው ውስጥ እስከ ወገቡ ገብቷል። ገመድ ሞክሮ አቅቶታል። ያን ሞተሩን በሰው አሸክሞ ኩሬዋ አፍ ላይ አስተክሎ፣ ቧንቧውን ይዞ በባላምባራስ ጀርባ ላይ ውሃ ይረጫል። ውሃው በተሰነጠቀው ቆዳ ላይ ይወርድና ተመልሶ ጭቃው ውስጥ ይሰርጋል። ኩሬዋ እያየናት ታንሳለች።

«ልየው፣ በቃ፣ ውጣ!» አልኩት።

«ቆይ፣ ዓይኑን ገልጧል። ቆይ እንጂ!»

ነዳጁ አለቀና ሞተሩ ቀጥ አለ። ያን ያህል ጸጥታ በዚያ ሐይቅ ከሰማሁ ቆይቼ ነበር። ከሰዓት በኋላ ባላምባራስ ራሱን ጭቃው ላይ ጣለ። ልየው ባዶውን ቧንቧ እንደያዘ ቀረ። ዳር ላይ የቆሙ አንድ አሮጊት እንደ ሰው እርም «ወይኔ!» ብለው ደረታቸውን መቱ፤ የሚስቅባቸው አልነበረም። መሪጌታን አንዱ «የኔታ፣ መሐላችን የት ደረሰ?» ቢላቸው፣ በበትራቸው ወደ ጭቃው ጠቆሙና «መሐላችንማ ያው፣ መሐል ላይ ወድቋል» አሉ። ቅኔ ነው። የሚያደንቀው ግን ጠፋ።

ወሬ ክንፍ አለው። ከቡሬም፣ ከፍኖተ ሰላምም ሰው ጎረፈ። ባላምባራስ በሕይወት ሳለ እንዲያ ያለ ሕዝብ አልመጣለትም። ቢላ የያዙ ሰዎች ለአለንጋ የሚሆን ቆዳ እየመረጡ ቀደዱ፤ ሌላው ስልኩን አውጥቶ ከጎኑ ፎቶ ተነሣ። አይቶ የጨረሰው ሁሉ ራበውና ወደ እትዬ ታንጉት ቤት ወጣ። ደጁ ሞልቶ «ዓሣ አለ? ምሳ አለ?» ይላል። እሳቸው ከጓዳ ወጡ፤ ሰውን ሁሉ አንድ ጊዜ አዩት። ከዚያ ገብተው ምድጃው ላይ አመድ አፈሰሱ፣ በሩን ከውጭ ቆለፉ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ዳገቱን ወደ ታች ያዙት። ወንድማቸው ጭቃ እንደለበሰ መንገድ ላይ ቆሞ «እታለም» አላቸው። አልፈውት ሄዱ።

በሚቀጥለው ዓመት የሐይቁ ወለል ተከፋፍሎ ታረሰ። ሽንኩርቱ ጉድ ተባለለት፤ ያንን የመሰለ ሽንኩርት አይቼ አላውቅም። ነገር ግን ያን ሰሞን መንገዱ በየጊዜው የሚዘጋበት ክፉ ጊዜ ነበርና ሽንኩርቱን የሚጭነው መኪና መንቀሳቀስ ተሳነው። ሽንኩርቱ እዚያው ተከምሮ በሰበሰ፤ ሽታው አስፋልቱ ድረስ ይወርድ ነበር። ከዚያ ወዲያማ ለሌላ ዘር የሚሆን ውሃ ከየት ይምጣ? ሞተሮቹ ጎተራ ሥር ገብተው ዶሮ ሰፈረባቸው።

እትዬ ታንጉት አሁን ቡሬ መነኸሪያው አጠገብ ሽሮና ምስር ያበላሉ። ምሳዬን እዚያ ነው የምበላው። ልየው ገበያ በወጣ ቁጥር ይመጣል፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይቀመጣል፣ ያቀርቡለታል፣ በልቶ ይሄዳል። ቃል አይለዋወጡም። ወንድምና እህት ናቸው፤ ተኳርፎም መብላት ያው መብላት ነው።

ባለፈው መንገዱ ሰላም የሆነ ሰሞን ከባሕር ዳር የመጡ ባልና ሚስት ልጆቻቸውን ይዘው ገቡ። ደስ ብሏቸዋል፤ ጫማቸው ሣር በሣር ሆኗል። ሚስትየዋ በልታ እጇን እየታጠበች ታወራኛለች፦

«ሐይቅ አለ ብለውን ወጥተን ነበር፤ እሱን እንኳ አላገኘነውም። ግን ምን የመሰለ ሜዳ አለ መሰለህ! ለጥ ያለ፣ ዙሪያውን ተራራ! ልጆቹ ኳስ ሲጫወቱ ዋሉ። እንዲህ ያለ ቦታ እያላችሁ ምነው ዝም አላችሁ?»

ልየው ወደ አፉ ያነሣውን ጉርሻ መልሶ ሳህኑ ላይ አኖረው። እኔ ወደ እትዬ ታንጉት አየሁ። እሳቸው ሽሮውን በጭልፋ አማሰሉ።

«አዎን» አሉ፣ «ያምራል።» ከዚያ ወደ ልጆቹ ጎንበስ ብለው፣ «ሽሮ ልጨምርላችሁ?»