በአንዋር አፍንጫ የገባችው ሽምብራ

ልጅ ማሳደግ የማያውቅ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ጎንደር ውስጥ ደግሞ ጨርሶ የለም። የባጃጁ ሾፌር ያውቃል። ሚስት ያላገባው የጎረቤት ጎረምሳ ያውቃል። መሥሪያ ቤት አብራኝ መዝገብ የምታገላብጠው፣ ሠርጓን ገና ለጥር የቀጠረችው ልጅ ደግሞ ከሁሉም አብልጣ ታውቃለች። «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» ሲባል ስሰማ ድሮ ማጋነን ይመስለኝ ነበር። ወልጄ ሳየው ለካ ተረቱ ቆጥቦ ነው የተናገረው፤ ለእኔ ምጥ ያላስተማረ የለም። መንገደኛው ሁሉ ቆም ብሎ፣ ሕፃኗ በረዳት ወይም ሞቃት ብሎ ይመክረኛል። ምክሩን ከሰጠኝ በኋላ ግን «በይ አንድ አፍታ ልያዝልሽ» ያለኝ አንድም ሰው የለም። ልጅ ለምክር ሲሆን የአገር ነው፤ የሽንት ጨርቁ ሲታጠብ የእናቱ ነው።

ይህን የምለው አማርሬ አይደለም። እኔም ብሆን ሳልወልድ በፊት አሳምሬ አውቅ ነበር። የእህቴን ልጆች እያየሁ «እኔ ብሆን እንዲህ አላደርግም» ያልኩትን ሁሉ ዛሬ አንድ በአንድ እያደረግሁት ነው። እውቀቴ የቀነሰው በየወሊዱ ነው። የመጀመሪያዋ ስትወለድ ግማሹ ሄደ፤ ሁለተኛው የቀረውን ይዞት ወጣ፤ ሦስተኛዋ ስትመጣ የተረፈኝ ስማቸውን ለይቶ መጥራት ብቻ ነበር። እሱም አንዳንዴ ይምታታብኛል።

ሦስት ናቸው። ሐያት ሰባት ዓመቷ ነው። አንዋር አራት ሞልቶታል። ሩቂያ ደግሞ ገና ስምንት ወሯ፣ ደገፍ ካላደረጓት እንደ ጆንያ ወደ ጎን የምትወድቅ ናት። አባታቸው ሰይድ አራዳ ላይ ከአባቱ የወረሰው የጨርቅ ሱቅ አለው፤ ቅዳሜ ገበያው ስለሚደራ ከጠዋት እስከ ማታ አይገኝም። እኔ ከሰኞ እስከ ዓርብ መሥሪያ ቤት ነኝ። ስለዚህ የቤቱ ሥራ ሁሉ ተሰብስቦ ቅዳሜን ይጠብቃል። እናንተ ቅዳሜን ዕረፍት ትሉት ይሆናል። እኔ ሰኞ ቢሮ ገብቼ ወንበሬ ላይ ቁጭ ስል ነው የማርፈው።

የዛሬ ሁለት ወር ግድም፣ በአንዱ ቅዳሜ፣ ለሽሮ የሚሆን የደምቢያ ሽምብራ ግቢው ውስጥ አስጥቼ እለቅም ነበር። ሩቂያን አዝያለሁ። ምድጃው ላይ ወጥ ጥጃለሁ። በአንድ ጆሮዬ ወጡን፣ በሌላው ልጆቹን እየሰማሁ፣ በዓይኔ ከሽምብራው ጠጠር እየለየሁ ነው። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ያለው ሰው ወንድ መሆን አለበት፤ ሴት ብትሆን ሦስተኛውን ዛፍ ትጨምርበት ነበር።

ሐያት መጥታ ፊቴ ቆመች።

«እማ፣ አንዋር ሽምብራ አፍንጫው ውስጥ ከተተ።»

ቀና ብዬም አላየኋት። ይቺ ልጅ የወንድሟን ነገር ሁሉ ለእኔ ማድረስ ግዴታዋ ይመስላታል። ጭቃ ነካ፣ ድመቷን ጎተተ፣ ውኃ ደፋ እያለች ስትመላለስ ነው ያረፈደችው።

«ወሬ ማመላለስ ነውር ነው አላልኩሽም? ሂዱ ተጫወቱ።»

«ግን ከተተ» አለች ቀስ ብላ፤ ከዚያ ሄደች።

ብዙም ሳይቆይ አንዋር ራሱ መጣ። አንድ እጁን አፍንጫው ላይ አድርጓል። «እማ» አለኝ፣ አሻንጉሊቱ እንደተሰበረበት ሰው ቅር ብሎት፣ «አልወጣም አለኝ።»

ከተቀመጥኩበት ስነሣ ሰፌዱ ተገልብጦ ሽምብራው ግቢውን ሞላው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ግን ለመልቀምም አልደረስኩ። ልጁን ይዤ ወደ ፀሐይ አዞርኩት። በቀኙ ቀዳዳ ውስጥ፣ ከጥልቁ፣ የሽምብራዋ ቂጥ ቢጫ ሆኖ ይታያል። ቀጥሎ ያደረግሁትን መናገር አልፈልግም ነበር፤ ግን ወግ ከጀመሩ መደበቅ አያምርም። ከፀጉሬ ላይ ማስያዣዬን ነቅዬ ላወጣት ሞከርኩ። ሽምብራዋ ወደ ውስጥ ገባች። ቂጧም ጠፋ። ልጁ መጮህ ጀመረ፤ ጀርባዬ ላይ ያለችውም ወንድሟን አግዛ አለቀሰች።

እንዲህ ባለ ጊዜ ሰው የሚወቅሰው ይፈልጋል። ዞር ስል ሐያት አጠገቤ ቆማለች።

«አንቺ ታላቁ አይደለሽም? እንዴት ዝም ብለሽ ታይዋለሽ?»

ነግራኝ እንደነበር ትዝ ያለኝ ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። ይቅርታ ልጠይቃት ይገባኝ ነበር። ግን እናት ለቁጣ ጊዜ አይጠፋላትም፤ ለይቅርታ ነው ሁልጊዜ የሚያጥራት።

ጩኸቱን ሰምተው ከአጥሩ ማዶ እትዬ ውዴ መጡ። እትዬ ውዴ ስድስት ልጆች ያሳደጉ፣ ሁሉንም ድረው የጨረሱ ጎረቤቴ ናቸው። አዩና «በርበሬ አሽቺው፤ ሲያስነጥሰው ትወጣለች» አሉኝ። እንደገና አሰቡና «ኋላ ወደ ውስጥ ቢስባትሳ?» ብለው ራሳቸው የራሳቸውን ምክር ሻሩት። ያን ቀን ከሰማሁት ምክር ሁሉ የተሻለው ይኼኛው ነበር። ቀጥለው ደግሞ ከምክር የሚበልጥ ነገር አደረጉ። ሩቂያን ከጀርባዬ ፈትተው ተቀበሉኝና «ሂጂ፤ ወጡን አወጣዋለሁ፤ ልጆቹም ከእኔ ናቸው» አሉ። ለሰይድ ስደውልለት «እንዲናፈጥ ንገሪው» አለኝና ደንበኛ መጥቶበት ዘጋው።

ባጃጅ ይዘን ከሰፈራችን ከቀሐ ሽቅብ ወደ ጤና ጣቢያ ወጣን። ሾፌሩ በመስተዋቱ አየንና ምን እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። የአክስቱ ልጅ አተር ከትቶ እንደነበር፣ በኋላም ረስተውት በሳምንቱ እንደወጣ አጫወተኝ። «ያብጣል እንጂ ምንም አይልም» ብሎ ሊያጽናናኝ ሞከረ። የእኔ ሐሳብ ግን ያው ማበጡ ነበር። እኔ ሽምብራ የማውቀው ለቅቅል ስዘፈዝፈው ነው፤ ማታ ጠጠር የነበረው ጠዋት እጥፍ ሆኖ ይገኛል። የልጄ አፍንጫ ደግሞ ክረምት ከበጋ እርጥብ ነው። አንዋር ማልቀሱን ትቶ ባጃጅ በመሳፈሩ ደስ ብሎት ውጭ ውጭ ያያል። እኔ ትንፋሹን እቆጥራለሁ።

ጤና ጣቢያው በር ላይ አንድ ሸምገል ያሉ ጥበቃ ተቀምጠዋል። «ምነው እታለም፣ ምን ነካው ልጁን?» አሉኝ።

«ሽምብራ አፍንጫው ገብቶበት ነው፣ አያ።»

ልጁን ትክ ብለው አዩት። «የት ያለ ሽምብራ ነው?»

«የደምቢያ።»

«የደምቢያስ ሸጋ ነው፤ ይበቅላል» አሉና በሩን ከፈቱልኝ። ልስቅ ሲገባኝ እንባዬ መጣ። ሰውዬው ደንግጠው «ኧረ ስጫወት ነው፣ እመቤቴ» እያሉ እስከ ካርድ ክፍሉ ድረስ ሸኙኝ።

ሰልፉ ረጅም ነበር። ሰልፍ ላይ ያለ ሰው ሥራ ስለሌለው ሐኪም ይሆናል። አንዷ ቅቤ አንጠባጥቢበት አለች። አንዱ በእግሩ ይዘሽ ዘቅዝቂው አለ። አንዲት ልጃገረድ ስልኳ ላይ ፈልጋ በሌላ አገር እንዲህ የሆነ ልጅ ወደ ሳንባው ገብቶበት ምን እንደደረሰበት ጮክ ብላ ታነብልኝ ጀመር። ሁሉም በቅንነት ነው። አንዋር ሰው ሁሉ አፍንጫውን ስለሚያይለት ደስ ብሎት ለጠየቀው ሁሉ አንገቱን ወደ ኋላ እየጣለ ያሳያል። በእያንዳንዱ መንጋጠጥ የእኔ ልብ አብሮ ወደ ኋላ ይወድቃል።

ተራችን ሲደርስ ያየችን ነርስ ፀጉሯ ሸበቶ፣ ንግግሯ ቁጥብ ነው። በባትሪ አየችው።

«የነካካው አለ?»

«እኔ ነኝ፣ ሲስተር። በፀጉር ማስያዣ።»

ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅሁ። «ሁሉም እንዲያ ነው የሚያደርጉት» አለች ብቻ። ከዚያ እዚህ ካልወጣ ትልቁ ሆስፒታል እንደምትልከኝ፣ እዚያ በመሣሪያ እንደሚያወጡት ነገረችኝ። «መጀመሪያ ግን አንድ ነገር እንሞክር። እናቱ ነሽ አይደል?»

«አዎ።»

«እንግዲያው የምታወጪው አንቺ ነሽ።»

ያልሰማኋት መሰለኝ። ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ሽምብራ የሌለበትን ቀዳዳ እሷ በጣቷ ትደፍነዋለች። እኔ አፌን በልጁ አፍ ላይ ገጥሜ አንድ ጊዜ፣ አጭር አድርጌ፣ በኃይል እነፋለሁ። አየሩ መውጫ ሲያጣ ሽምብራዋን ይገፋታል። ለአንዋር ደግሞ «እናትህ ልትስምህ ነው፤ አፍህን ክፈትላት» አለችው።

በዚያ ሁሉ ሰዓት ከእኔ የሚያውቅ ሰው ፍለጋ ነበር የምሮጠው። ባለ ነጭ ጋዋን አንዱ ተቀብሎኝ «በቃ፣ አንቺ ውጭ ጠብቂ» እንዲለኝ ነበር ምኞቴ። ቢስሚላህ ብዬ ነፋሁ። መጀመሪያ አንዋር ኮርኩሬው መስሎት ሳቀና አየሩ በጎን አመለጠ። «አጥብቂው» አለች ነርሷ። ሁለተኛ ጊዜ አጥብቄ ገጥሜ ነፋሁ። ጉንጬ ላይ አንድ ትኩስና እርጥብ ነገር ጠብ አለ።

ሽምብራዋ ናት። ካጀቧት ነገሮች ሁሉ ጋር።

ነርሷ በሶፍት አንሥታ አየቻትና ቆዳዋ እንዳልተላጠ፣ ውስጥ የቀረ ስባሪም እንደሌለ አሳየችኝ። አልሐምዱሊላህ ብዬ ወንበሩ ላይ ተዘረገፍኩ። አንዋር ሶፍቱን ተመለከተና «የኔን ሽምብራ ስጡኝ» አለ። አልሰጡትም። ያን ቀን ከልቡ ያለቀሰው ያኔ ነው።

ቤት ስንደርስ ግቢው ተጠርጓል። የፈሰሰው ሽምብራ ተለቅሞ፣ ጠጠሩ ለብቻ፣ እህሉ ለብቻ ሆኖ ሰፌዱ ላይ ተቀምጧል። እትዬ ውዴ ሩቂያን አስተኝተዋል። «ሽምብራውን ሐያት ናት የለቀመችው፤ አንዲቷን ሳታስቀር» አሉኝ። «እንዴት ያለች ሸጋ ልጅ ናት፤ ድምጿም አይሰማ፤ መኖሯም አይታወቅ።» እኔም ልጄ ስለተመሰገነችልኝ ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፣ ያኔ ደስታ ብቻ ነበር የተሰማኝ።

ከሰዓት በኋላ ወሬው ሰፈሩን አዳርሶ ሰው ይጠይቀን ጀመር። አንዋርን ከጭን ጭን እያቀባበሉ አፍንጫውን አዩለት። ሰይድ ከሱቅ ሲመለስ ሙዝና ብስኩት ይዞለት መጣ። ልጁ ታሪኩን በተናገረ ቁጥር ሽምብራዋ እያደገች ሄዳ ወደ ማታ ሎሚ አክላለች። ሲያስረዳም በቃል ብቻ አይደለም፤ አንዱን ቀዳዳ በጣቱ ደፍኖ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አፉን ከፍቶ «ከዚያ እማ እንዲህ አድርጋ ሳመችኝ» ይላል፤ እኔም እንግዳ ፊት ደግሜ እንድስመው ይጠብቃል። ሳምኩት። ስንት ጊዜ እንደሳምኩት አላውቅም። ሐያት ሩቂያን አቅፋ በሩ አጠገብ ተቀምጣ ነበር፤ ለእንግዶቹ ውኃ ስታመጣም አይቻታለሁ።

በማግስቱ እሑድ ጠዋት ጓሮ ሳፋ ዘርግቼ ልብስ ሳጥብ ሐያት መጣች። አንድ እጇን አፍንጫዋ ላይ አድርጋለች።

«እማ፣ እኔም ገባብኝ።»

«ምኑ?»

«ሽምብራ።»

እጄን በቀሚሴ ጠርጌ ተነሣሁ። የስልኬን መብራት አብርቼ ቀኙን አየሁ። ግራውን አየሁ። እንደገና ቀኙን አየሁ። ሁለቱም ባዶ ናቸው። ሽምብራውን ደግሞ ትናንት ማታ ራሴ ጆንያ ውስጥ ቋጥሬ፣ እኔም በወንበር ካልሆነ ከማልደርስበት መደርደሪያ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ውሸት ነውር ነው ልላት አፌን ከፈትኩ። ሰባት ዓመት የሞላት፣ ፊደል የለየች፣ ታናሾቿን የምትጠብቅ ልጅ ናት፤ ልቆጣት ይገባል።

እሷ ግን ዓይኗን ጨፍናለች። በጣቷ አንዱን ቀዳዳ ደፍና፣ አፏን ገርበብ አድርጋ ትጠብቃለች።

«በየትኛው ነው የገባው?» አልኳት።

ትንሽ አሰበች። «በዚህ» አለች፤ የደፈነችውን አሳየችኝ። ከዚያ ስሕተቷ ገባትና ጣቷን ወደ ሌላው አዛወረች።

የልብስ ማጠቢያው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና ጭኔ ላይ አወጣኋት። እግሯ ረዝሞ መሬት ይነካል። ከመቼ ወዲህ እንዳላቀፍኳት ላስታውስ ሞከርኩ፤ አልመጣልኝም። አፌን በአፏ ገጥሜ ነፋሁ። የሳሙናው አረፋ ሳፋው ውስጥ እየጠፋ ነው፤ ከውስጥ ሩቂያ መነሣቷ ይሰማኛል።

«ወጣ?» አልኳት።

«ገና ነው» አለች፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

ደግሜ ነፋሁ።