ጋሽ ሽቦ እና የባለቤቴ ሣር

በየሰፈሩ «ትንሽ ናት የቀረችኝ» የሚል ሰው አይጠፋም። አጥር ያጥራል፣ አያልቅም፤ ጣሪያ ይከድናል፣ አያልቅም፤ ወንበር ሊጠግን ይገለብጣል፣ ወንበሩም እንደተገለበጠ ያረጃል። ፈጣሪ ይህን ዓይነት ሰው ለየሰፈሩ በልክ በልኩ አድሏል። እኛ ጋ ሲደርስ ግን ሳይሰፍር ዘረገፈው መሰለኝ፣ ክቡር ጎረቤታችንን ጋሽ ሽቦን ሰጠን።

ጋሽ ሽቦ ቀን ቀን መድኃኒት ቤታቸው ውስጥ ነጭ ጋዋን ለብሰው የሚቆሙ የተከበሩ ሰው ናቸው። ከሥራ መልስ ግን አማተር ራዲዮ የሚባል አባዜ አለባቸው። ጓሯቸው ካለችው ዕቃ ቤት ተቀምጠው፣ በማይክሮፎን፣ ፊታቸውን አይተው ከማያውቋቸው የሩቅ አገር ሰዎች ጋር ያወራሉ። ለዚሁ ሲሉ ጓሯቸው መሐል ከጣሪያ በላይ የሚዘልቅ የብረት ዘንግ ተክለዋል። አንቴናው እሱ ነው። ዘንጉ የቆመ ዕለት ባለቤቴ በመስኮት አየችውና «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ብላ መጋረጃውን ዘጋች።

የአንቴናው ነገር እንዲህ ነው። በአጫጭሩ ሞገድ፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ አንደበተ ርቱዕ ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ረጃጅሙ ሞገድ ተራው ሲደርስ ግን ምላሱ ይተሳሰራል። እኛ ጎረቤቶች ስለ አንቴና ምንም ስለማናውቅ ምክር አልነፈግናቸውም። «ለምን አያስረዝሙትም?» አልናቸው በየተራ። ጋሽ ሽቦ ጣታቸውን ወደ መሬት ቀስረው «ችግሩ ከላይ አይደለም፣ ከታች ነው!» አሉን። የዘንግ ጉልበት ያለው እግሩ ሥር ነው፤ እዚያ ሽቦ ካልተነጠፈለት የላኩትን ድምፅ ሁሉ አፈር ይበላዋል። ስለዚህ ከዘንጉ ግርጌ ጀምረው እንደ ብስክሌት ጎማ ሽቦ በየአቅጣጫው መዘርጋት ጀመሩ።

«እንዲህ ቀጭን ሽቦ ምን ይፈይዳል፣ ጋሼ?»

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር! ደግሞ ትንሽ ናት የቀረችኝ።»

ለዚች ትንሽ ሲባል በሰፈሩ የሞተ ማራገቢያ፣ የተቃጠለ ሞተር፣ ያረጀ ማቀዝቀዣ ሁሉ ሆድ ዕቃው ተዘረገፈ። የገዛ ቤታቸው የበር ደወል እንኳ አልተረፈም፤ እንግዳ ሲመጣ እንደ ጥንቱ በር ይደበድባል። ከዚያ ደግሞ አንድ የፕላስቲክ ቧንቧ ቁራጭ ላይ ሽቦ ጠምጥመው ዘንጉ እግር ላይ አሰሩለት። አጭሩ ዘንግ ራሱን ረጅም አድርጎ እንዲገምት ነው አሉ። ዘንጉ ምን እንደገመተ አላውቅም። ሚስታቸው ግን ለኩሽና የተገዛው ቧንቧ የት እንደገባ ወዲያው ገምተዋል።

ፈሊጣቸው መድኃኒት ቤቱም ድረስ ተከተላቸው። ራሷን ያመማት ሴት ስትመጣ መጀመሪያ የሚያዩት ጫማዋን ነው። «ችግሩ ከላይ አይደለም፣ የኔ ልጅ። ይህን ተረከዝ አውልቂው።» የሚገርመው አንዳንዶቹ ተሽሏቸው መመለሳቸው ነው።

አሁን፣ ይህ ሁሉ ልፋት ለማን ነው? የራዲዮ ሰዎች አንዱ ሌላውን ምን ያህል እንደሚሰማው በቁጥር ይነጋገራሉ፤ ትልቁ ዘጠኝ ነው። ጨዋ ሕዝብ ስለሆኑም ሁሉም ለሁሉም ዘጠኝ ይሰጣል። ጋሽ ሽቦ ይህን ዘጠኝ እንደ ሠርግ ቤት ምስጋና ነው የሚቆጥሩት፣ አመስግነው ይረሱታል። የሚያምኑት የአንድ ሰው ጆሮ ብቻ ነው፤ የታላቅ እህታቸውን። እኚህ እመቤት ዕድሜያቸውን በመርከብ ራዲዮ ሠራተኝነት ጨርሰው ከባሕር ማዶ ጡረታ ላይ ናቸው። ወንድማቸውን ገና በልጅነቱ የቴሌግራፉን ምት ጠረጴዛ ላይ እየደበደቡ ይህን ሙያ ያስያዙት እሳቸው ናቸው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጀምበር ስትጠልቅ ጋሽ ሽቦ በረጅሙ ሞገድ እህታቸውን ይጣራሉ። ጥሪው እንዳበቃ ስልካቸው ይጮኻል።

«አልሰማሁህም» ይላሉ እህትየው። ይዘጋል።

ባለቤቴ አንድ ቀን በአጥሩ ላይ ተንጠራርታ፣ «ስልክ ካላቸው ታዲያ ምን ያስጮኽዎታል?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«በስልክማ ማንም ይሰማል!» አሉ ጋሽ ሽቦ፣ ቅር ብሏቸው።

በኋላ ነገሩ መረረ። እህትየው ደረጃ መውጣት ስላቃታቸው ልጃቸው አሳንሰር ወዳለው ፎቅ ቤት ልትወስዳቸው ሆነ፤ እዚያ ደግሞ አንቴና አይተከልም። ራዲዮአቸው ሊፈታ አንዲት ቅዳሜ ብቻ ቀረች። ጋሽ ሽቦ ጓሯቸውን በሽቦ ጨርሰዋል። ያልተነጠፈው በእኛ በኩል ያለው ነው፤ በእኛ በኩል ያለው ደግሞ የባለቤቴ ሣር ነው። ባለቤቴ ያንን ሣር በእጇ ተክላ በእጇ አርማ ያሳደገችው ነው፤ እኔ ራሴ የምረግጠው በፈቃድ ነው።

ሐሙስ ዕለት በራችን ተደበደበ። ጋሽ ሽቦ በአንድ እጃቸው የሽቦ ጥቅል፣ በሌላው የዳቦ ቢላ ይዘው ቆመዋል።

«እመቤቴ፣» አሏት ባለቤቴን፣ «አፈሩን በቢላ ሰንጠቅ አደርጋለሁ፣ ሽቦዋን አስገባለሁ፣ በእግሬ ጫን አደርገዋለሁ። ሣሩ እንኳ አይሰማም፤ ቅዳሜ ካለፈች ደግሞ መልሼ እነቅላታለሁ።»

«አንዲት ቅጠል ብትጠወልግ?»

«በእኔ ላይ ይትከሏት።»

ባለቤቴ ሳቋን ዋጥ አድርጋ መንገድ ለቀቀች። ጋሽ ሽቦ ሁለት ቀን ሙሉ በጉልበታቸው ተንበርክከው ሣራችንን እንደ ቀዶ ሐኪም ሰነጠቁ። እኔ ቆሜ ሳሾፍ ሳላስበው የሽቦውን ጫፍ ይዤ ተገኘሁ።

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ዕቃ ቤቷ ውስጥ ታጭቀናል፤ እሳቸው፣ ሚስታቸው፣ እኔና ባለቤቴ። ራዲዮው እንደ መጥበሻ ይንጫጫል። ጋሽ ሽቦ ተጣሩ። ደግመው ተጣሩ። ሁላችንም ስልኩን አየነው። ስልኩ አልጮኸም። ከጫጫታው ውስጥ ግን አንዲት ቀጭን፣ የደከመች፣ ግን ቆፍጣና ድምፅ ወጣች።

«አንተ ነህ?»

«እታለም!» ብለው ዘለሉ ጋሽ ሽቦ። «እታለም፣ እንደምን አመሸሽ?»

«ደህና፣ እግዜር ይመስገን። አንተስ እንደምን አመሸህ?»

«ደህና። ጤናሽስ?»

«ደህና። ባለቤትህ ደህና ናት?»

«ደህና ናት። ልጅሽስ? የልጅሽስ ባል? ጉልበትሽስ?»

«ደህና፣ ደህና፣ ጉልበቴም ደህና። ጎረቤቶችህስ?»

«ደህና ናቸው፣ እዚሁ ናቸው! ከርመሽ ግን ደህና ነሽ?»

መልስ የለም። ሞገዱ ሄደ። ስንት ዓመት ሽቦ የተቀበረለት መንገድ የተከፈተው ለአንድ የወግ ሰላምታ ነበር፤ እሱንም አልጨረሱትም። ቁጥሩም ሳይጠየቅ ቀረ። ጋሽ ሽቦ ማይክሮፎኑን እንደያዙ ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ ሚስታቸው ትከሻቸውን ይዘው ይስቃሉ፤ ባለቤቴ ደግሞ አፍንጫዋን ትጠርጋለች። ያን ጊዜ ስልኩ ጮኸ።

«ሰምቼሃለሁ» አሉ እህትየው። «ሦስት።»

«ሦስት!» ብለው ጮኹ ጋሽ ሽቦ። «ሦስት አለችኝ!» ከዘጠኝ ሦስት አግኝቶ እንዲህ የጨፈረ ሰው በዕድሜዬ አላየሁም። እኔንም አቅፈው አዞሩኝ፤ ደስታቸው ተጋብቶብኝ አብሬ ጮኽኩ።

በሳምንቱ ጋሽ ሽቦ ቃላቸውን ሊፈጽሙ መጡ። እህታቸው ፎቅ ቤት ገብተዋል፤ ከእንግዲህ የሚሰማቸው ስለሌለ ሽቦውን ነቅለው ሣሩን ለባለቤቴ ሊመልሱ ነው። ፊታቸው ዳምኗል። ያ ጭቅጭቅ፣ ያ የማያልቅ ሥራ ከአጥሩ ማዶ ሊቀር ነው ብዬ ሳስብ፣ ሰውየውን ምን ያህል እንደምወዳቸው ያኔ ገባኝ።

ባለቤቴ ከበረንዳው ወረደች።

«ማን ንቀሉ አለዎት?» አለቻቸው። «ባሕር ማዶ ያሉት የእርስዎ እህት ብቻ ናቸው? የሌላም ሰው እህት፣ የሌላም ሰው ወንድም ተቀምጦ ይጣራ ይሆናል።» ከዚያ ሣሩን በጫማዋ ረግጣ አልፋ፣ እኔ ውሃ እንኳ እንዳጠጣው ወደማይፈቀድልኝ የጽጌረዳ መደብ አመለከተች። «እዚያ ሥር ባዶ ቦታ አለ። ይምጡ፣ ላሳይዎ።»