በጄሪካን ውስጥ የሰፈሩት

ለቅሶ ቤት እንኳ ሥራውን ይዞ የሚገባ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ መቱ ውስጥ አንድ መምህር አውቃለሁ። ሥራው ከፀጉር በቀጠነ የመስታወት ቦይ ውሃ እየለቀቀ፣ ባክቴሪያ እንዴት ተጣብቆ እንደሚሰፍር በማይክሮስኮፕ ማየት ነው። መቼም ለሰው የሚወደውን አይመርጡለትም።

ባለፈው እሁድ እትዬ ሙና ቤት የእድር ስብሰባ ነበረን። ከግማሽ በላይ አባል ስለቀረ፣ እድሩ ይፍረስ አይፍረስ እየተባባልን ሳለ እትዬ ሙና ከጄሪካን ውሃ ቀዱልን። መምህሩ ጣቱን ጄሪካኑ አፍ ውስጥ ከትቶ አንድ ዝልግልግ ነገር አወጣና በፍቅር ዓይን አየው። ብርጭቆዎቻችን አየር ላይ ቀሩ። እትዬ ሙና መሬት ብትውጣቸው በወደዱ።

«ብቻውን የሆነውን ባክቴሪያ ውሃ ጠርጎ ይወስደዋል» አለ መምህሩ። «እዚህ ዝልግልግ ውስጥ ያሉት ግን ሙጫ አውጥተው ይያያዛሉ። ቦዩ ውስጥ ውሃውን ባጣድፈው እንኳ ንቅንቅ አይሉም።»

የእድሩ ዳኛ ጋሼ ቶሎሳ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። የተቆጡ መስሎን አቀረቀርን።

«አንዱ ሌላውን ጥሎ አይሄድም ነው የምትለኝ?»

«አይሄድም፣ ጋሼ።»

ጋሼ ቶሎሳ ባዶዎቹን ወንበሮች አንድ በአንድ አዩ።

«ሙና፣ ጄሪካኑን እንዳታጥቢው» አሉ። «ዛሬ ያልመጡት አባላት ይጠሩና መጥተው ይዩት።»