አባወራ ያልሆነ ልጅ ይዞ ውጭ ይጠብቅ

ሀገር መፍረስ የምትጀምረው አንድ ባል ሰሃን ያጠበ ዕለት ነው። ይህን ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ የብሎካችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ወጋየሁ ናቸው። እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ስለሆንኩ ጻፍኩት። ባልየው ሰሃን ካጠበ ልጅ ያቅፋል፤ ልጅ ካቀፈ ሚስት ስብሰባ ላይ እጇን ታወጣለች፤ ሚስት እጇን ካወጣች ዝናቡ ወሩን ይስታል፣ መብራት ይጠፋል፣ ምክር ቤትም መደማመጥ ያቅተዋል። ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው። ብሎካችን እስካሁን ቆሞ የሚታየው አቶ ወጋየሁ በሰንሰለቱ መጀመሪያ ላይ፣ ማለትም ሰሃኑ ጋ፣ በንቃት ስለቆሙ ነው።

ሚሳኤል እባላለሁ። ላፍቶ ውስጥ፣ ስሙን ለክብሩ ስል በማልጠራው ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ተከራይ ነኝ። ተከራይ በመሆኔ በማንኛውም ጉዳይ ላይ አስተያየት የለኝም። ጽሕፈትህ ያምራል ተብዬ ቃለ ጉባኤውንና የቤት ባለቤቶችን መዝገብ እንድይዝ ተደረገ፤ እይዛለሁ። ከዚህ በታች የምታነቡትም አስተያየት ሳይሆን መዝገብ ነው።

አቶ ወጋየሁ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት በጡረታ የተገለሉ፣ እሑድ እሑድ ክራቫት የሚያስሩ፣ የአባቶቻችንን ጥንታዊ ባህል በየቀኑ ከቲክቶክ የሚከታተሉ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ጸሐይወርቅ፣ ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር የክር፣ የዚፕና የቁልፍ ሱቅ አላቸው። ጠዋት ይወጣሉ፣ ሲመሽ ይገባሉ። በዚህ መሃል ያ ቤት ያለ ሰው አይቀርም። ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ጀሪካን የሚሞሉት አቶ ወጋየሁ ናቸው፤ አንድ ቀን በጨዋ ደንብ ብጠይቃቸው ግን ይህ የቤት ሥራ ሳይሆን «የውሃ ሀብት አስተዳደር» መሆኑን አስረድተውኛል። ሌላ ቀን ደብዳቤ ላስፈርም ሄጄ በራቸውን ሳንኳኳ፣ ቢላዋ በእጃቸው፣ እንባ በዓይናቸው ሆኖ ከፈቱልኝ። ከኋላቸው ግማሽ ድረስ የተከተፈ ሽንኩርት ይታየኛል።

«የግብዓት ዝግጅት ላይ ነኝ» አሉና ፈርመው ዘጉት።

ነገሩ የተነሳው በኮሚናሏ ነው። ኮሚናል የምንላት ከብሎካችን ጎን ያለችውን የጋራ ቤት ነው፤ ለእርድና ለልብስ ማጠቢያ ተብላ ተሠርታ ላለፉት ስድስት ዓመታት የተሰበረ ወንበር ስታስቀምጥ የኖረች። አቶ ወጋየሁ ይህቺን ክፍል «የአባወራዎች መማክርት አዳራሽ» ሊያደርጓት አሰቡ። አባወራዎች ተሰብስበው ስለ ቤተሰብና ስለ ሀገር አቅጣጫ ይመክሩባታል፤ በመካከሉም፣ እግረ መንገድ፣ ኳስ ይታያል።

በዚያው ሳምንት ናፍቆት መጣች። ናፍቆት እንደኔ ተከራይ ናት። ከጎፋ ወዲያ ባለ አንድ ስፌት ፋብሪካ ትሠራለች፤ ባሏ ከባድ መኪና ይዞ ጅቡቲ መንገድ ላይ ነው የሚኖረው ማለት ይቻላል። ልጇ ዮዳሄ አሥራ አራት ወሩ ነው። ልጁን ትይዝላት የነበረችው ጎረቤት ሀዋሳ ስለሄደች ሦስት ቀን ከሥራ ቀረች፤ አለቃዋም፣ ከፊታችን ሰኞ ቀጥሎ እስካለው ሰኞ ድረስ መላ ካልፈጠርሽ ቦታሽን ለሌላ እንሰጣለን አላት። እትዬ ተሾመች፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ አጸደ ሕፃናት ያስተማሩ ጡረተኛ፣ ኮሚናሏን ለሕፃናት ማቆያ ከሰጣችሁኝ እኔ እይዘዋለሁ አሉ። «ከናፍቆት ልጅ ሌላ ዘጠኝ ልጅ አለ» አሉ። «የሚጎድለኝ አንድ አጋዥ ሰው ብቻ ነው።»

አቶ ወጋየሁ ናፍቆትን ደረጃው ላይ አስቁመው መከሯት።

«ልጄ፣ ሥራውን ለምን አትተዪውም? ለልጅ ትልቁ ማቆያ እናቱ ናት።»

«እሺ ጋሼ፤ ማቆያዋን ማን ያብላት?»

«ባልሽ አለ አይደል እንዴ?»

«አለ። አዋሽ ላይ ጎማ ፈንድቶበት ቆሟል።»

«ይኼ ሁሉ የዘመኑ ፖለቲካ ያመጣው ጣጣ ነው» አሉ አቶ ወጋየሁ በሐዘን። «ኮታ። ሴት በመሆኗ ብቻ ቅድሚያ፣ ሴት በመሆኗ ብቻ ወንበር። እኔ በሕይወቴ በኮታ የመጣ ነገር ደጄን አልፎ አያውቅም።»

ናፍቆት ልጁን ከአንዱ ክንዷ ወደ ሌላው አዛወረችና ደረጃውን ወጣች። ፊቷ ላይ ያየሁትን ቃለ ጉባኤ ውስጥ የማስገባበት ዓምድ የለኝም።

እሑድ እዚያችው ኮሚናል ውስጥ ስብሰባ ተጠራ። በብሎካችን ልማድ ስብሰባ የሚመጡት ሴቶች ናቸው። ባሎች አይመጡም፤ «ምን አሉ?» ብለው ማታ ይጠይቃሉ። እናም እትዬ ተሾመች ሐሳባቸውን አቅርበው ድምፅ ይሰጥ ሲባል ክፍሉ በእጅ ተሞላ። አቶ ወጋየሁ እጆቹን መቁጠር ጀመሩ፣ አሥራ ሦስት ላይ ደረሱ፣ ቆሙ፣ መነጽራቸውን አወለቁ።

«የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አለ» አሉ።

«ማነው የጠየቀው?» አሉ እትዬ ተሾመች።

«እኔ። የአንድ ቤት ድምፅ የአባወራው ነው። እዚህ ያላችሁት መልእክተኞች ናችሁ። ቤት ሁለት አፍ ሲኖረው ነው የዛሬው ፖለቲካ የሚመጣው፤ ሁሉም ይናገራል፣ የሚሰማ የለም።»

«መንግሥት እንኳን ቅጹ ላይ እማወራ ይላል እኮ» አሉ እትዬ ተሾመች።

«እማወራ ማለት ባሏ የሞተባት ናት። እኔ ሞቻለሁ?»

ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነጠላቸውን አስተካከሉ።

በዚህ ጊዜ ሁለተኛ ፎቅ የሚኖረው ኤሌክትሪሻን ጉርሜሳ እጁን አነሳ። ወንደላጤ ነው፤ የመጣውም ለአምፖል ጉዳይ ነበር። «እኔ ግራ ገባኝ» አለ። «ወራ በኦሮምኛ ቤተሰብ ማለት ነው። እኔ ቤት አለኝ እንጂ ቤተሰብ የለኝም። ታዲያ አባወራ ነኝ ወይስ አይደለሁም? እዚያ ማዶ ደግሞ ሚስትና አራት ልጅ ይዞ የሚኖር ተከራይ አለ። እሱስ?»

ጥያቄው ከባድ ነበር። አቶ ወጋየሁ ግን ሠላሳ ዓመት መመሪያ ያረቀቁ ሰው ናቸው፤ ተከራይ ድምፅ እንዲሰጥም አይፈልጉም። ዓይናቸውን ጨፍነው ወደ እኔ ጣታቸውን ዘረጉ፤ ጻፍኩ።

«አንቀጽ ሦስት። አባወራ ማለት ቤቱ በስሙ የተመዘገበለት ነው። ለዚህም ዋናውን የቤት ውል ይዞ መቅረብ አለበት። ድምፅ የሚሰጠውም፣ ሰብሳቢ የሚሆነውም አባወራ ብቻ ነው። አባወራ ያልሆነ፣ ልጅ ይዞ ውጭ ይጠብቅ።»

እስክሪብቶዬ ቆመ። መዝገቡ የተቀመጠው ጉልበቴ ላይ ነው። ገለጥ አድርጌ አንድ ነገር ልል ነበር፤ ከዚያ ተከራይ መሆኔ ትዝ አለኝ። ሴቶቹ ይቃወማሉ ብዬ ስጠብቅ እርስ በርስ ተያዩና ጸጥ አሉ። ከኋላ የወይዘሮ ጸሐይወርቅ ድምፅ መጣ።

«ሚሳኤል፣ ጻፍከው?»

«ጽፌዋለሁ።»

«ጎሽ። ማኅተም ይደረግበትና በር ላይ ይለጠፍ። ባህል እንዲህ በቃል ብቻ ሲቀር ይጠፋል።»

አቶ ወጋየሁ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። «አያችሁ? የጨዋ ልጅ እንዲህ ናት» አሉና በዚያው ማኅተሙን አሳረፉ። ስብሰባው ለሳምንት ተላለፈ፤ ናፍቆት ሥራዋን ከምታጣበት ሰኞ በፊት ወዳለው እሑድ።

የተባለው እሑድ ደረሰ። በብሎካችን ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ባሎች ስብሰባ መጡ፤ ሚስቶቻቸው የተኮሱላቸውን ሸሚዝ ለብሰው፣ ወንበሩን ከፊት እስከ ኋላ ሞሉት። ሴቶቹ ልጆቻቸውን ይዘው ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። አቶ ወጋየሁ ንግግር አደረጉ። የቤተሰብ ራስ ማን እንደሆነ፣ ራስ የሌለው አካል ወዴት እንደሚሄድ፣ ሀገርም የቤቶች ድምር እንደሆነች ካብራሩ በኋላ፣ «እንግዲህ በመመሪያው መሠረት አባወራ ያልሆናችሁ ውጡልን» አሉ። ማንም አልወጣም።

«መጀመሪያ ይጣራ» አሉ እትዬ ተሾመች። «መዝገቡ ይነበብ።»

አነበብኩ። ቤት ቁጥር አንድ፣ ወይዘሮ ተሾመች። ቤት ቁጥር ሁለት፣ ወይዘሮ እንትና። ሦስት፣ ወይዘሪት። ወንዶቹ ውሉ የት እንደሚቀመጥ ሚስቶቻቸውን ሲጠይቁ ይሰማኛል፤ ሚስቶቹም ከየቦርሳቸው እያወጡ ያሳያሉ። ከሠላሳ ሁለቱ ቤት ሃያ አንዱ በሴት ስም ነው። ለዚህም ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ያኔ ለሴቶች ተለይቶ በተያዘው ዕጣ የተመዘገበ ቶሎ ይደርሰዋል ተብሎ፣ ባል ሁሉ ሚስቱን አስቀድሞ ነበር የተሰለፈው።

«ቤት ቁጥር ሰባት» ብዬ ቆምኩ።

«የኔ ነው፣ እለፈው» አሉ አቶ ወጋየሁ።

«ማስረጃ» አሉ እትዬ ተሾመች።

«ጸሐይ፣ ውሉን አሳዪያቸው።»

ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ከቦርሳቸው የላስቲክ ክላሰር አውጥተው ለባላቸው ሰጡ። አቶ ወጋየሁ አነበቡ። መነጽራቸውን በክራቫታቸው ጠርገው እንደገና አነበቡ። በዚህ ሰው አትፍረዱ። ዕጣው የወጣ ዕለት እንኳን ደስ አለህ ተብለው የተሳሙት እሳቸው ናቸው፤ ከዚያ ወዲህ በየቀኑ «ቤቴ» እያሉ ሲጠሩት ወረቀቱም እንደዚያው የሚል መስሏቸው ኖረዋል።

«እዚህ ላይ ስህተት አለ» አሉ በመጨረሻ።

«የቱ ላይ?»

«ስሙ ላይ።»

«ስሜ ነው» አሉ ወይዘሮ ጸሐይወርቅ። «በሴቶቹ በኩል ተመዝገቢ ብለህ በዝናብ ጎትተህ የወሰድከኝ አንተ አይደለህም?»

«እሱ ... ስልት ነበር።»

«ስሙ ኮታ ነው ሲባል ሰምቻለሁ።»

አቶ ወጋየሁ በሩ ላይ የተለጠፈውን መመሪያ አዩት። ማኅተሙ የራሳቸው ነው፤ ፊርማውም። የመመሪያ ሰው ናቸውና መመሪያውን አላፈረሱም፤ ለዚህ ባርኔጣዬን አነሳላቸዋለሁ፣ ባይኖረኝም። ክላሰሩን ለሚስታቸው መልሰው ወደ በሩ ሄዱ። ደፉ ላይ ሲደርሱ ዞሩ።

«መመሪያው ‹ልጅ ይዞ› ነው የሚለው» አሉ። «የኔ ልጆች አድገዋል። የምይዘው ልጅ የለኝም።»

ናፍቆት ከውጭ ቆማ ነበር፤ ተከራይ ናትና። ጉዳዩን ገብታ ታስረዳ ሲባል ዙሪያዋን አየች፣ አጠገቧ ያለው ሰው አቶ ወጋየሁ ሆነው ተገኙ።

«ጋሼ፣ ለትንሽ ጊዜ» ብላ ዮዳሄን ደረታቸው ላይ አደረገችላቸው።

ሌሎቹም ባሎች ተከትለው ሲወጡ ውስጥ የቀሩት ሃያ አንድ ሴቶችና ውል የያዙ አራት ወንዶች ናቸው፤ ከነሱም አንዱ ጉርሜሳ ነው። ናፍቆት ገብታ ፊት ለፊታቸው ቆመች። «ነገ ሰኞ ነው» አለች። «ሌላ የምለው የለኝም።» ውሳኔው አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀ፤ ኮሚናሏ ማቆያ ትሁን። ሰብሳቢው አባወራ መሆን ስላለበት ወንበሩ ክፍት ሆነ፤ ወይዘሮ ጸሐይወርቅ በሙሉ ድምፅ ተመረጡ። ንግግር ያድርጉ ቢባሉ ሱቅ አለብኝ አሉ።

በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ። ግቢው ሸሚዛቸው በተተኮሰ ባሎች ተሞልቷል፤ ያልታቀፈ ልጅ የለም። ዝናብ አልዘነበም። መብራትም አልጠፋም።

ቃለ ጉባኤውን ላነብላቸው ስወጣ አቶ ወጋየሁ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። ዮዳሄ ክራቫታቸውን በጡጫው ጨብጦ ትከሻቸው ላይ ተኝቷል።

«ቀስ በል» አሉኝ በሹክሹክታ። እኚህ ሰው ያለ ማይክሮፎን ሦስት ብሎክ የሚያሰሙ ሰው ነበሩ። «ምን ተወሰነ?»

ነገርኳቸው። ማቆያው ነገ እንደሚከፈት፣ እትዬ ተሾመችም አጋዥ ሰው እንደሚፈልጉ፣ ቀን ቀን ብሎኩ ላይ የሚውለው ሰው ማን እንደሆነ ታይቶ አንድ ስም እንደቀረበ።

«ምን ብለህ ጻፍከኝ?»

«ሞግዚት።»

ብዙ አሰቡ። ልጁ እንዳይነቃ ሲሉ ሲያስቡም አልተንቀሳቀሱም።

«ሰርዘው» አሉ። «የተተኪ ትውልድ ግንባታ ዳይሬክተር በለው።»

ጻፍኩት። ሰኞ ጠዋት ናፍቆት ልጇን ለዳይሬክተሩ አስረክባ ሥራዋ ገባች፤ ቦታዋም ለማንም አልተሰጠም።

ባለፈው ሳምንት ከወረዳ አንዲት ልጅ ቅጽ ይዛ ቤት ለቤት ስትመዘግብ መጣች። አቶ ወጋየሁ ዮዳሄን በጋቢያቸው አዝለው ኮሚናሏ ደጃፍ ላይ ወዲያ ወዲህ ይላሉ፤ እኔ መዝገቤን ይዤ አጠገባቸው ቆሜያለሁ።

«ቤት ቁጥር ሰባት» አለች ልጅቷ። «አባወራው አሉ?»

«የለችም» አሉ አቶ ወጋየሁ፣ የልጁን እግር ወደ ጋቢው ውስጥ መለስ እያደረጉ። «ሱቅ ናት። ማታ ስትገባ ተመለሺ።»