ባለ ሁለት ካርዱ ላፕቶፕና የጋሽ ወልዴ ሜዳ

የእኛ ሰው ለሁሉም ነገር ተረት አለው ሲባል ትንሽ ይቀረዋል፤ ለሁሉም ነገር ሁለት ተረት ነው ያለው። አንዱ «አድርግ» የሚል፣ አንዱ «ተው» የሚል። ሁለት ነገር ለመግዛት አስባችሁ ሽማግሌ ብታማክሩ፣ «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል» ብሎ ይመርቃችኋል። ገዝታችሁ ስትመለሱ ያው ሽማግሌ፣ እዚያው ድንጋይ ላይ እንደተቀመጠ፣ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይላችኋል። ሁለቱንም ሲናገር ፊቱ ላይ እፍረት የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ እኔ በሙያዬ ስጠየቅ ተረት አልጠቅስም። ሙያዬ ኮምፒውተር መጠገን ነው፤ ጂንካ ከተማ ውስጥ በሥራ ሰዓት የመሥሪያ ቤቴን፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ የሕዝቡን እፈታለሁ። አንዳንዴ ሰዓቱ ይምታታብኛል፤ እሱን ለአለቃዬ እንዳትነግሩብኝ።

ታዲያ ከተጠየቅኳቸው ጥያቄዎች ሁሉ ያስቸገረኝ የበረከት ነው። በረከት ገበያው አጠገብ ጌም ቤት ያለው፣ ከአርባ ምንጭ በኩል መጥቶ ጂንካን አገሩ ያደረገ፣ ደግ ግን ችኩል ሰው ነው። አንድ ቀን ደወለና «ወንድሜ፣ ሁለት ግራፊክስ ካርድ ያለው ላፕቶፕ ለጌም ያዋጣል?» አለኝ።

«አያዋጣም» አልኩት።

«ትንሽም አያዋጣም?» አለኝ። ያን ጊዜ ገባኝ። «ገዝተኸዋል አይደል?» ስለው «አዎ» አለ በቀጭን ድምፅ። እንግዲህ ሰው ምክር የሚጠይቀው መቼ እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ።

ግራፊክስ ካርድ ማለት፣ ለማታውቁት፣ ስክሪኑ ላይ የምታዩትን ሁሉ፣ ኳሱንም ሣሩንም የተጫዋቹንም ጥላ፣ እየሳለ የሚያቀርብላችሁ የኮምፒውተሩ ሠዓሊ ነው። የበረከት ላፕቶፕ ሁለት ሠዓሊ ቀጥሮ የመጣ ነው። የሸጠለት ፊልም ሊቀርጽ መጥቶ የነበረ ፈረንጅ ሲሆን፣ ሲመለስ መሸከሙ ሰልችቶት ይመስለኛል። ብታዩት አትፈርዱበትም። ላፕቶፕ ጭን ላይ ይቀመጣል ይባላል፤ ይህንን ጭኑ ላይ ያስቀመጠ ሰው ግን የሚያነሣው ካላገኘ እዚያው ነው የሚያድረው። ቻርጀሩ ሁለት ነው፣ እያንዳንዱ ጡብ የሚያህል። ማራገቢያዎቹ ሲነሡማ በውጭ የሚያልፈው ሁሉ ወፍጮ ቤት የተከፈተ ይመስለዋል። አንዲት እናት እውነትም በቆሎዋን ይዛ ብቅ ብላ ነበር።

ሄጄ ሞከርኩት። የእግር ኳሱን ጌም በአንድ ካርድ አስነሣሁ፣ ቀጥሎ በሁለቱም። ምንም ልዩነት የለም። የመኪና እሽቅድምድሙን ሞከርኩ፤ በሁለት ካርድ ጭራሽ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ ጌሙን የሠሩት ሰዎች «ሁለት ሠዓሊ ይኖራል» ብለው አስበው ካልሠሩት ሁለተኛው ሥራ የለውም። አንድ አንድ በሬ ያላቸው ገበሬዎች ሲቀናጁ አይታችሁ ከሆነ ያው ነው። በሬዎቹ ካልተላመዱ አንዱ ይስባል፣ ሌላው ቀንበሩን አንገቱ ላይ አድርጎ አብሮ ይንሸራሸራል። ሲፈቱ ግን ሁለቱም እኩል ይበላሉ። የበረከትም ሁለተኛ ካርድ መብራት ይበላል፣ ይግላል፣ ባትሪውን በግማሽ ሰዓት ውስጥ ያሟጥጣል፣ ሥራ ሲባል የለበትም። ይህንን ሁሉ ፊት ለፊቱ በደስታ ዘረዘርኩለት። አዎ፣ በደስታ! ትክክል መሆንን የመሰለ የሚጣፍጥ ነገር የለም፤ በተለይ ስህተቱ የጓደኛ ሲሆን።

አንድ ነገር ግን አለ። ፈረንጁ ሳያጠፋው የሄደ፣ የድሮ የአውሮፕላን ማብረሪያ ጌም ነበር። እሱን ስከፍተው ሁለቱም ካርዶች እኩል ተነሡ። ደመናው በደመና ላይ ይነጠፋል፣ የተራራው ጥላ ከፀሐይዋ ጋር ይዞራል፣ ወንዙ ያብለጨልጫል። ወይ ጉድ! አፌን ያዝኩ። ነገር ግን እልኸኛ ነኝና «ደግሞ ጂንካ ላይ ማን አውሮፕላን ሊያበር ነው!» ብዬ አሾፍኩ።

ማን እንደሚያበር ያወቀው በረከት ነው።

የጌም ቤቱ አከራይ ጋሽ ወልዴ ይባላሉ፤ የአሪ ሰው ናቸው፣ አማርኛቸውን ቆጥበው የሚናገሩ። ጂንካን ለማታውቁ ልንገራችሁ፤ የድሮው አውሮፕላን ማረፊያ ከተማው መሀል ያለ የሣር ሜዳ ነበር። አጥር የሚባል የለውም። ከብት ይግጥበታል፣ ኳስ ይጠለዝበታል፣ ገበያተኛ ያቋርጠዋል፣ በዚህ ሁሉ መካከል ደግሞ አውሮፕላን ያርፍበታል። ጋሽ ወልዴ መንግሥት በተለወጠ ዓመት የዚያ ሜዳ ዘበኛ ሆነው ተቀጠሩ። ሥራቸው የአውሮፕላን ድምፅ ሲሰማ ፊሽካ እየነፉ ከዳር እስከ ዳር ሮጠው ከብቱን ማስወጣት ነው። እሳቸው እስኪጨርሱ አብራሪው ሰማይ ላይ እየዞረ ይጠብቃል። በዘመናቸው አንዲት ፍየል እንኳ አላስመቱም።

ተሳፍረው ግን አያውቁም። አብራሪዎቹ «በሚቀጥለው እናዞርሃለን» ይሏቸዋል፤ በሚቀጥለውም «በሚቀጥለው»። አንድ ጊዜ ብቻ አንዱ ምሩን «ግባ፣ አንድ ዙር ከተማህን አሳይቼ ልመልስህ» አላቸው። ጋሽ ወልዴ አንድ እግራቸውን መሰላሉ ላይ አደረጉ። ከዚያ አሰቡና አወረዱት። «ስንመለስ ከብቱን ማን ያባርራል?» አሉ። እናም ቀሩ። ኋላ ከከተማው ወጣ ብሎ አስፋልት ያለው፣ የታጠረ አዲስ ኤርፖርት ተሠራ፣ የሣሩ ሜዳ ተዘጋ፣ እሳቸውም ጡረታ ወጡ።

አሁን ደግሞ ዓይናቸው። የግራው ጠፍቷል፤ የቀኙም ከዳር ወደ መሀል እየጠበበ ነው፣ ሐኪሙም አልደበቃቸውም። ምኞታቸውን ለበረከት ነግረውታል፤ ዓይናቸው ሳይዘጋ ጂንካን ከላይ አይተው እዚያችው ሜዳቸው ላይ ማረፍ። ልብ በሉ፣ ትኬት ቢቆረጥላቸው እንኳ አይሆንም፤ በዓለም ላይ እዚያ ሜዳ ላይ የሚያርፍ አውሮፕላን የለም። ጌሙ ግን የድሮ ስለሆነ አዲሱን ኤርፖርት አያውቅም። «ካርታው ላይ የጋሽ ወልዴ ሜዳ አለ! በዓይኔ አየሁት!» ብሎ በረከት ቢሮዬ ድረስ መጣ። ሳምንቱን ሙሉ ሌላ አገር ላይ ማብረርና ማሳረፍ ሲያለማምዳቸው ሰነበተ፤ ጂንካን ለቅዳሜ አቆየላቸው። እኔንም ላፕቶፑ ቢያስቸግር ብሎ ጠራኝ። ሄድኩ። እውነቱን ልናገርና፣ ሲያስቸግር ለማየት ነው የሄድኩት።

ቅዳሜ ቀትር ላይ ገበያው ጢም ብሎ ሳለ ጋሽ ወልዴ ኮታቸውን ለብሰው መጡ። ጆይስቲኩን፣ ማለትም የማብረሪያውን እጀታ፣ ከመያዛቸው በፊት «እንጸልይ» አሉ። ዓይናችንን ጨፈንን። ጸሎቱ ገና መጀመሪያው ላይ እያለ የማራገቢያዎቹ ድምፅ ተለወጠብኝ። አንድ ዓይኔን ገለጥ ባደርግ የቻርጀሮቹ መብራት ጠፍቷል። የከተማው መብራት ሄዷል! ጋሽ ወልዴ ግን አብራሪዎችን ሁሉ ባርከው፣ ተሳፋሪውን ባርከው፣ ለሐመር ዝናብ ለምነው፣ የአገር መሪዎች ጋ ደርሰዋል። ማን ያቋርጣል? «አሜን» ስንል የባትሪው ሲሶ ሄዷል።

«ለሌላ ቀን እናድርገው» አልኳቸው።

«ሌላ ቀን ሜዳው ይኖራል፤ ዓይኔን እንጃ» አሉ።

በረከት ከማጎ ተራሮች በላይ አየር ላይ አስጀመራቸው። ጋሽ ወልዴ ፊታቸውን ወደ ቀኝ ዓይናቸው አዘንብለው፣ ጆይስቲኩን እንደ ዕንቁላል ይዘው አበረሩ። ተራራው ሲያልቅ ሸለቆው ተከፈተ። ቀጥሎ ከተማ መጣ፤ ሁለቱ ካርዶች ያላቸውን ሁሉ ጨምረው የሳሉት፣ ቤቱ ሁሉ ቀይ ጣሪያ፣ መንገዱ ሁሉ ዛፍ። ጋሽ ወልዴ ጥቂት አዩት።

«ቆንጆ ከተማ ነው» አሉ በትሕትና። «የት አገር ነው?»

በረከት አንገቱን ደፋ። ጌሙ የጂንካን ቤቶች ከየት ያውቃል? ፈረንጅ አገር የሚሳለውን ቤት ነው አምጥቶ የዘረገፈው። እኔ ደግሞ ዓይኔ ባትሪው ላይ ነው፤ እየወረደ ነው። ምርጫ አልነበረኝምና ማስተካከያውን ከፍቼ የምስሉን ዝርዝር በሙሉ ወደ ታች አወረድኩት። ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ካሳ የከተማውን ቤት አንድ ሳላስቀር አፈረስኩ። ዛፉ ሄደ፣ ደመናው ሄደ፣ ጥላው ሄደ። የቀረው ተራራው፣ አረንጓዴው መሬትና መሀሉ ላይ የተጋደመው ሜዳ ብቻ ነው።

ጋሽ ወልዴ ተንፈስ አሉ። «ይህች ናት!» አሉ። ከዚያም ቆይተው፣ «ጌታ ሆይ፣ ይህችን ብቻ ታክላለች? ዕድሜዬን ሙሉ የሮጥኩት እዚህች ላይ ነው?»

እኔ የኮምፒውተር ሰው ነኝ። ያ ሁሉ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ባዶ ቅርጽ መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም ፀጉሬ ቆመ። ሰው ዕድሜውን የፈጀበትን ቦታ ለመጀመሪያ ጊዜ ከላይ ሲያየው አጠገቡ ቆማችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ያን ቀን ቆሜያለሁ። አጃኢብ ነው! ስለ ካርድ የማውቀው ሁሉ ከአእምሮዬ ብን ብሎ ጠፋ።

መውረድ ጀመሩ። ሜዳው እየሰፋ መጣ። ወሬውን ሰምቶ በሩ ላይ የተሰበሰበው ገበያተኛ ትንፋሹን ዋጠ። አውሮፕላኗ መሬት ልትነካ ትንሽ ሲቀራት ጋሽ ወልዴ አፍንጫዋን ቀና አደረጉና ወደ ላይ መለሷት።

«ምነው ጋሽ ወልዴ?» አልኩ።

«ከብቱ አልወጣም።»

«ከብት የለም እኮ! ጌም ነው!»

«አውቃለሁ። ስላልሳሉት ነው የማይታየው» አሉ ሳይቆጡ። «ቅዳሜ እኮ ነው ዛሬ። ቅዳሜ ሜዳው ባዶ ሆኖ አያውቅም።»

አንድ ዙር ዞሩ። ባትሪው ዘጠኝ በመቶ። በረከት «ተባሯል! ሁሉም ወጥቷል!» ብሎ ጮኸ። «ፊሽካ አልሰማሁም» አሉ። ሁለተኛ ዙር። ባትሪው ስድስት። ላፕቶፑ ቢጠፋ ምን እንደሚቀርባቸው የዚያን ጊዜ ነው አጥንቴ ድረስ የገባኝ። መሰላሉ ላይ የወጣችውና የወረደችው እግራቸው ትዝ አለችኝ። ያን ጊዜ የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በእሳቸው ቦታ የሚሮጥ ሰው።

«ፊሽካው የት አለ?» አልኳቸው።

አንድ እጃቸውን ከጆይስቲኩ ሳያነሡ በሌላው ከኮታቸው ሥር አወጡት። አንገታቸው ላይ ነበር፣ እስከዛሬ። ተቀብዬ ነፋሁ። የመሥሪያ ቤቱ ባለሙያ፣ ሁለት ካርድ አያዋጣም ባዩ፣ በጠራራ ፀሐይ በገበያተኛ ፊት በሌለ ከብት ላይ ፊሽካ ነፋሁ! ከስክሪኑ ቀኝ እስከ ስክሪኑ ግራ እየተንጠራራሁ፣ «ሂድ! ውጣ! አንቺ ቀይ፣ ውጪ!» እያልኩ አባረርኩ። መጀመሪያ አፈርኩ። ቀጥሎ ረሳሁት። ገበያተኛውም «ያችትና! ያችኛዋ!» እያለ ይጠቁመኝ ጀመር።

ጋሽ ወልዴ ፊሽካውን ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ወረዱ። ጎማው ሣሩን ነካ፣ አንዴ ነጠረች፣ ትንሽ ወደ ቀኝ ታጠፈች፣ ተመለሰች፣ ተንከባለለች፣ ሜዳው መሀል ቆመች። ስክሪኑ ጨለመ። ባትሪው አለቀ። በሩ ላይ እልልታው ቀለጠ።

ጋሽ ወልዴ ጆይስቲኩን ጠረጴዛው ላይ ቀስ አድርገው አኖሩት። «በሰላም ገባን፤ ጌታ ይመስገን» አሉ። ከዚያ ክንዴን ይዘው ወደ እሳቸው ሳቡኝ፤ ሰው ፊት ሊያሳፍሩኝ ስላልፈለጉ በጆሮዬ ነው የነገሩኝ።

«ጎበዝ ነህ። ግን አንዲት ጥጃ ትተህብኛል።»

«የት ጋ?»

«በግራ በኩል። ደግነቱ አየኋትና ዞር አልኩላት።»

የማያየውን ግራ ዓይናቸውን ተመለከትኩ። ይቅርታ ጠየቅኳቸው።

አሁንም ሁለት ካርድ ያለው የጌም ላፕቶፕ ያዋጣል ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ መልሴ ያው ነው። አያዋጣም፤ ይከብዳል፣ ይግላል፣ ባትሪ ይጨርሳል፣ ዋናው ሰዓት ሲመጣም የምትፈልጉት የሳለውን ሳይሆን ያልሳለውን ሊሆን ይችላል። በረከት ግን ሊሸጠው ቢያስብ መጀመሪያ እኔን ያናግረኝ። ፊሽካው እኔ ዘንድ ነው፤ ጋሽ ወልዴ «ለሚቀጥለው» ብለው ትተውልኛል። በሚቀጥለው ከግራ በኩል ነው የምጀምረው።